የአያት ሽጉጥ ዘመኑ በምን ይለያል? ትንንሽ ሪቮልቨሮችን ደረጃ በደረጃ መመርመር

በሰሜን ሸዋ ስለ አሮጌ ጠመንጃ የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ውጅግራውን ከምንሽሩ፣ አልቢኑን ከናስማስሩ በሩቅ ይለያል። ትንሹ ሽጉጥ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይደበዝዛል። «የአያቴ ነው»፣ «አድዋ ላይ የተማረከ ነው» ይባልና በዚያው ይቀራል። ልጆቹም ያንኑ ይዘው ያልፋሉ።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ቤቶች ነው። በሕጋዊ መንገድ የተያዘ አሮጌ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይት የሚጎርስ ተሽከርካሪ ክፍል ያለው ሽጉጥ፣ ካላችሁ፣ ምን ዓይነት እንደሆነና ከየትኛው ዘመን በፊት ሊሠራ እንደማይችል ራሳችሁ መለየት ትችላላችሁ። ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ምስጢር የለውም። ትዕግሥት፣ ጥሩ ብርሃንና ቅደም ተከተል ይበቃል።

ከሁሉ በፊት አንድ መርሕ ያዙ። የሽጉጥ ዕድሜ የሚወሰነው በላዩ ላይ ባለው የመጨረሻ ለውጥ ነው። ፋብሪካዎች የተረፋቸውን አሮጌ ክፍል አይጥሉም፤ አዲሱ ሞዴል ላይ ገጥመው ይጨርሱታል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ምልክት ማየት ብቻውን ሽጉጡን አሮጌ አያደርገውም። አንድ አዲስ ምልክት ግን «ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራም» ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ነው።

1. ፈቃዱንና ጥይቱን አስቀድሙ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ብላችሁ አትዘናጉ። ወረቀቱ ከሌለ በመጀመሪያ ወረዳው ፖሊስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ፎቶውን በየስልኩ መበተንም አያስፈልግም። ባለንበት ጊዜ የመሣሪያ ወሬ ቤተሰብ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ቀጥሎ ሽጉጡን እንደ ጎረሰ ቁጠሩት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከዚህ በኋላ ከበሮ የምለውን፣ ከኋላ በኩል ተመልከቱ። በከበሮውና ከበሮውን አቅፎ በያዘው የሽጉጡ አካል፣ በቀፎው፣ መካከል ባለው ክፍተት የናስ ቀለበት ከታየ ውስጡ ቀለህ አለ ማለት ነው። ከዛገና ከተጣበቀ በካቻቪቴ ለማውጣት አትታገሉ። አሮጌ ጥይት አይታመንም። ለባለሙያ ስጡት።

እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ለመሞከር ብሎ መተኮስም ክልክል ነው ብላችሁ ያዙ። ብዙዎቹ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬ ጥይት ቀፎውን ሊያፈነዳው ይችላል።

2. አትወልውሉት

ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ወርቃማ ታሪክ ያላቸው ዕቃዎች በጽዳት ይጠፋሉ። እንግዳ ሊያየው ነው ተብሎ አመድና ሎሚ ይመጣል። ሲብስም ብርጭቆ ወረቀት። በአንድ ከሰዓት ውስጥ የፋብሪካው ቀለም፣ ጥቃቅኑ ጽሑፍና የፍተሻ ማህተሙ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ያብረቀርቃል፤ ግን ማንነቱን የሚናገርበት አፉ ተዘግቷል።

የሚፈቀደው ይህ ብቻ ነው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በጣም ጥቂት የማሽን ዘይት አስነክታችሁ አቧራውን በቀስታ ጥረጉ። ጽሑፍ ያለበት ቦታ በቆሻሻ ከተሞላ በዘይት አርሳችሁ አሳድሩና በእንጨት ስንጥር አውጡት። ብረት አታስነኩት።

ከቆዳ አፎቱም አውጥታችሁ አስቀምጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማለዳ ብረት ላይ ጤዛ ያርፋል። አፎቱ ራሱ ቅርስ ስለሆነ አይጣልም፤ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

3. ዕቃ አዘጋጁ

ብዙ አይደለም። በመስኮት የሚገባ የጎን ብርሃን፣ አጉሊ መነጽር፣ የብረታ ብረት ቤት ካሊፐር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ወረቀትና እርሳስ። የፀሐይ ብርሃን ከጎን ሲመታው የደበዘዘ ጽሑፍ ጥላ ይሠራል። ከላይ የሚመጣ አምፖል ግን ጽሑፉን ይውጠዋል። ቀጭን ወረቀት ጽሑፉ ላይ ዘርግታችሁ እርሳሱን በጎኑ ብታሹትም ፊደሉ ይወጣል።

4. እንዴት ነው የሚከፈተው?

ስም ከመፈለጋችሁ በፊት አከፋፈቱን እዩ። ዘሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አፈሙዙ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነና ከበሮው ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ በጣም ጥንታዊ ነው። የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ኩባንያ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያ ሥራዎች እንዲህ ነበሩ። ጥይቱን ከሚመታው ክፍል፣ ከመምቻው፣ ፊት ያለው መቆለፊያ ሲነሳ አፈሙዙ ወደ ታች ተሰብሮ ቀለሆቹ በአንድ ጊዜ የሚወጡ ከሆነ ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ተሰባሪ ዓይነት ነው። ከበሮው ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ የ1890ዎቹና ከዚያ በኋላ ያለው ነው ማለት ይቻላል። በቀኝ በኩል ትንሽ በር ኖሮ ጥይቱ አንድ በአንድ የሚገባ ከሆነ የአውሮፓ ወታደራዊ ሽጉጦችና የቤልጅግ የኪስ ሽጉጦች ወዳሉበት ሰፈር ትገባላችሁ።

የከበሮውን ጉድጓዶች ቁጠሩ። አምስት፣ ስድስት ወይስ ሰባት? የአፈሙዙን ቀዳዳ በካሊፐር ለኩ። 5.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ 22 ካሊበር ነው። ወደ 8 የሚጠጋ 32 ካሊበር ወይም የፈረንሳዩ 8 ሚሊ ይሆናል። 9 አካባቢ 38 ካሊበር ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ትንሽ ሽጉጥ መያዛችሁን ተጠራጠሩ፤ የጣሊያን ጦር ሽጉጥ የነበረው ቦዴዮ ሊሆን ይችላል።

5. ማህተሙን አንብቡ፣ ግን ወዲያው አትመኑት

አፈሙዙ አናት ላይ ያለው ስም ሁልጊዜ የሠሪው ስም አይደለም። በቤልጅግና በስፔን የአሜሪካን ሽጉጥ አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ቤቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ «ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት የሚሆን» ብለው ይጽፉና የኩባንያውን ስም ብቻ ጎላ ያደርጉታል። ቸኩሎ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። የስሙን ፊደል አንድ በአንድ ቁጠሩ። ፊደል የጎደለው ወይም የተቀየረ ከሆነ ቅጂ ነው።

ከስሙ ይልቅ የፍተሻ ማህተም ይታመናል። ከከበሮው ላይ ወይም ከአፈሙዙ ሥር የሞላላ ክብ ፈልጉ። ውስጡ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም ኮከብ ካለ፣ ሽጉጡ በቤልጅግ ሊዬዥ ከተማ የመንግሥት ፍተሻ ያለፈ ነው። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ ዋጋ አላት። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሞላላው አናት ላይ ዘውድ ተጨመረ። ዘውድ ከሌለው ከዚያ በፊት የተፈተሸ ነው። ዘውድ ካለው ከዚያ ወዲህ ነው። በአንዲት ማህተም ብቻ የአድዋን ዘመን ከሁለት ትከፍሉታላችሁ።

ብዙዎቹ ስም የለሽ ትንንሽ ሽጉጦች እንዲህ ያሉ የሊዬዥ ሥራዎች ናቸው። አጭርና ወፍራም፣ እጀታው እንደ ወፍ ጭንቅላት የታጠፈ ከሆነ በ1872 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዌብሊ ያወጣው የቡልዶግ ሽጉጥ ዘር ነው። ቀጭን፣ ቃታው የሚታጠፍ፣ 5.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ከሆነ ደግሞ ቬሎዶግ ይባላል። ብስክሌት ነጂዎች ከውሻ ራሳቸውን እንዲጠብቁ ተብሎ የወጣ የ1890ዎቹ ሥራ ነው። ቅጂ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሸዋ ድረስ የመጣበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። የባሕር ዳርቻው የመሣሪያ ንግድ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ አድርጎ አንኮበር ይገባ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

6. የዘመን አቆጣጠሩን ወጥመድ ተጠንቀቁ

ለእኛ አገር ሰው ትልቁ ስህተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ብረቱ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ቤተሰቡ የሚነግራችሁ ዓመት የኢትዮጵያ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ሰባት ስምንት ዓመት ይምታታል። የአድዋን ጉዳይ ለመወሰን ደግሞ ሰባት ዓመት ብዙ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አፈሙዙ በቀኝ ጎኑ «ኤስ 1895» የሚል ከሆነ ይህ በሴንት ኤትየን የተሠራ የፈረንሳይ 1892 ሞዴል፣ በተለምዶ ለበል የሚባለው ሪቮልቨር ነው። 1895 ማለት በእኛ 1887 ወይም 1888 ነው፤ ወሩ ስለማይጻፍ ሁለቱንም መዝግቡ። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በቁጥር ብቻ ካየነው ከአድዋ በፊት ተሠርቷል ለማለት ይቻላል።

ግን እዚህ አትቁሙ። ለበል የፈረንሳይ ጦር ሽጉጥ ነው። አድዋ ላይ የተማረከው የጣሊያን ጦር ነው። «አያቴ አድዋ ላይ ከጣሊያን መኮንን የማረከው» የተባለ ሽጉጥ ለበል ሆኖ ከተገኘ ታሪኩ መፈተሽ አለበት። በጂቡቲ በኩል በንግድ ወይም በስጦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። «1898» የሚል ከሆነ ደግሞ ክርክሩ አልቋል። አድዋ ሲዘመት ገና አልተሠራም።

ሌላው ወጥመድ የፈጠራ መብት ቀን ነው። የአሜሪካ ሽጉጦች አፈሙዝ ላይ ሦስት አራት ቀኖች ተደርድረው ይገኛሉ። እነዚህ ፈጠራው የተመዘገበባቸው ቀኖች እንጂ ሽጉጡ የተሠራባቸው አይደሉም። የሚጠቅመው የመጨረሻው ቀን ነው። ሽጉጡ ከእሱ በፊት አልተሠራም። ከእሱ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ ሊሠራ ይችላል።

7. ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሆነ

እዚህ ዘርዘር እላለሁ። ሰብሳቢዎች የመለየት ሙያቸውን በብዛት የተማሩት በእነዚህ ትንንሽ ሽጉጦች ነው። እነዚህን መለየት የለመደ ዓይን ሌላውንም ይለያል።

የኩባንያው የመጀመሪያ ሪቮልቨር በ1857 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል አንድ ነው። ሰባት ጎራሽ፣ 22 ካሊበር፣ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚነሳ። ሦስት ትውልድ አለው። የመጀመሪያው የቀፎው ጎን ጎበጥ ያለ ነው፣ የጎን ክዳኑም ትንሽና ክብ ነው። ሁለተኛው፣ ከ1860 ጀምሮ፣ የቀፎው ጎን ጠፍጣፋ ሆነ፣ ክዳኑም ሰፋ። ሁለቱም አፈሙዛቸው ባለ ስምንት ማዕዘን፣ የእጀታቸው ግርጌ አራት ማዕዘን ነው። ሦስተኛው፣ ከ1868 እስከ 1882፣ አፈሙዙ ክብ፣ ከበሮው ቦይ የወጣለት፣ እጀታው የወፍ ጭንቅላት የመሰለ ሆነ። ክዳን፣ አፈሙዝ፣ ከበሮ፣ እጀታ፤ ይህን ቅደም ተከተል ልመዱት።

ይበልጥ የሚገኘው ተሰባሪው 38 ካሊበር፣ አምስት ጎራሹ ነው። መምቻውን ሳይወጥሩ ቃታ በመሳብ ብቻ የሚተኩሰው ይህ ዓይነት ከ1880 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. በአምስት ሞዴል ተሠርቷል። በውጪ ሲታይ አምስቱም ወንድማማች ናቸው። ልዩነቱ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ የጎን ክዳኑን መስመር ተከተሉ። ክዳኑ ቀፎውን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ባለ መስመር የሚያቋርጠው ከሆነ የመጀመሪያው ሞዴል ነው። በ1880 ብቻ ወደ 4,000 ገደማ ተሠርቶ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀፎው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቆረጥ ይደክማል። ሁለተኛው ሞዴል ላይ የክዳኑ ጠርዝ ተጠማዘዘና በዙሪያው በቂ ብረት ቀረ።

ቀጥሎ ከበሮውን እዩ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሞዴል ላይ ከበሮው ሁለት ረድፍ የመቆለፊያ ጎድጎዳዎች አሉት፤ በመካከላቸውም ረጅም ቦይ አለ። በ1884 የመጣው ሦስተኛው ሞዴል ቦዩን አስቀርቶ አንድ ረድፍ ብቻ አደረገ። ቦዩ ከበሮውን ያሳሳው ነበር።

አራተኛው፣ ከ1895 ጀምሮ፣ ለውጡ ውስጥ ነው። ከውጪ ከሦስተኛው ለመለየት የግድ ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል። ሽጉጡን ፈታችሁ ለማየት አትሞክሩ። አምስተኛው ግን በዓይን ይታወቃል፤ የፊት ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ጋር አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ተሠርቷል። በቀደሙት ላይ ለብቻው ተሠርቶ በፒን የተያዘ ነው።

32 ካሊበሩም የራሱ ዘር አለው። ቀጥ ያለ ክዳን ያለው የመጀመሪያው 32 የተሠራው 30 ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አገኘሁ የምትሉ ከሆነ ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ተመልከቱ። ቅጂ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። እውነተኛ ከሆነ ግን እንኳን ልትወለውሉት በባዶ እጅ ልትነኩት አይገባም።

መምቻው የማይታይ፣ የእጀታው ጀርባ ላይ የሚጨበጥ ዘንግ ያለው ከሆነ ሴፍቲ ሀመርለስ ነው። 38ቱ በ1887፣ 32ቱ በ1888 እ.ኤ.አ. ወጡ። እጀታው ካልተጨበጠ ቃታው አይሠራም። በ38ቱ የመጀመሪያ ሞዴል አናት ላይ ያለው መክፈቻ የላቲኑ «Z» ፊደል ቅርጽ አለው። ቀጣዮቹ ላይ ይህ ቅርጽ የለም።

ከበሮው ወደ ጎን የሚወጣውን ካገኛችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ። የ1896ቱ 32 ካሊበር በግራ ጎኑ ምንም የአውራ ጣት መክፈቻ የለውም፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለው ዘንግ ወደ ፊት ሲሳብ ይከፈታል። የከበሮ መቆለፊያው ከላይ በቀፎው ጣሪያ ላይ ነው፣ የኩባንያው ስምና የፈጠራ ቀኖችም ከበሮው ላይ ተጽፈዋል። በ1903ቱ ላይ መቆለፊያው ወደ ታች ወረደ፣ በግራም መክፈቻ መጣ። በአንድ እይታ ይለያሉ።

በጣም ትንሹ 22 ካሊበር ሰባት ጎራሽ ሌዲ ስሚዝ ይባላል። የመጀመሪያው ከ1902 ጀምሮ በግራ ጎኑ መክፈቻ አለው። ሁለተኛው ከ1906 ጀምሮ የለውም። ሦስተኛው ከ1910 ጀምሮ እጀታው ግርጌ አራት ማዕዘን ሆነ።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ የመጣ ሽጉጥ ከሆነ በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣው ቺፍስ ስፔሻል ሊሆን ይችላል። 38 ስፔሻል ጥይት አምስት የሚጎርስ፣ አጭር ሽጉጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቃታ ቀለበት ትንሽና ክብ፣ የፊት ማነጣጠሪያ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ነው። ከጎን ክዳኑ ላይኛው ብሎን መጀመሪያ ቀረ፣ ከቃታ ቀለበቱ ፊት ያለው ብሎን ኋላ ቀረ። ስለዚህ ብሎን በበዛ ቁጥር ሽጉጡ ወደ መጀመሪያው ዘመን ይጠጋል። ከበሮውን ስታወጡ ቀፎው ላይ «ሞዴል 36» የሚል ጽሑፍ ካለ ከ1957 ወዲህ ነው። ጠፍጣፋ የአውራ ጣት መክፈቻ ካለው ደግሞ እስከ 1966 ድረስ ካሉት ነው።

8. ቦዴዮ ከሆነ

ቦዴዮ ትንሽ ሽጉጥ አይባልም፤ ግን በእኛ አካባቢ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የጣሊያን ጦር በ1889 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎራሽ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የወታደሩ አፈሙዙ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ቃታው ወደ ፊት የሚታጠፍ፣ የቃታ ቀለበት የሌለው ነው። የመኮንኑ አፈሙዙ ክብ፣ ቃታው ቀለበት ያለው ነው።

ቀፎው ላይ የሠሪው ስምና ዓመት ይገኛል። ከ1896 በፊት ያለ ዓመት ከሆነ የአድዋ ምርኮ ሊሆን ይችላል። እንደ 1917 ያለ ከሆነ አይሆንም። ግን ያ ማለት ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ በጣርማ በር፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኞች ከጠላት እጅ መሣሪያ እየነጠቁ ተዋግተዋል። በአያት እጅ ያለ የ1917 ቦዴዮ የዚህ ዘመን ምስክር ሊሆን ይችላል። አርበኛን የአድዋ ዘማች ለማድረግ ብሎ የራሱን ገድል መንጠቅ ተገቢ አይደለም።

9. ቁጥሩና የተነካካው

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ዋና ቁጥር በእጀታው ግርጌ ነው። ያው ቁጥር ከበሮው ላይና አፈሙዙ ላይ ተደግሞ ከተገኘ ክፍሎቹ አብረው የወጡ ናቸው። በጥንቶቹ ላይ እያንዳንዱ የሽጉጥ ዘር፣ ለምሳሌ ተሰባሪው 38 ካሊበር፣ የራሱን ቁጥር ከአንድ ይጀምር ስለነበር ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። መጀመሪያ ዘሩን ለዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን ያዙ። ከበሮው ወደ ጎን በሚወጣው ዓይነት ላይ በከበሮው ክንድ ሥር የሚታየው ቁጥር የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው እሱን ዋናው እየመሰለው ይመዘግባል።

ኒኬል የተቀባ ተሰባሪ ስሚዝ ከሆነ የቃታ ቀለበቱን እዩ። ፋብሪካው ሌላውን አካል ኒኬል ቢቀባም ቀለበቱን ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። ቀለበቱና መምቻው ጭምር ነጭ ከሆኑ ኋላ የተቀባ ነው። አፈሙዙ አናት ላይ ያለው ጽሑፍ መሐል ላይ ካላረፈና ወደ ፊቱ ጫፍ ከተጠጋ አፈሙዙ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

የኩባንያውን የሽያጭ መዝገብ ይዞ ለሰብሳቢዎች በክፍያ ደብዳቤ የሚጽፍ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን አለ። ቁጥሩንና ፎቶውን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሽጉጡ ከቤት አይወጣም። ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

10. ከብረቱ በኋላ ሽማግሌውን ጠይቁ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። የብረቱን ነገር ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሂዱ። ያኔ የምትሰሙትን መመዘን ትችላላችሁ።

አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አባባ፣ ይሄ የአድዋ ነው አይደል?» ብትሉ «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። መልሱን እናንተው ሰጥታችኋቸዋል። ይልቅ «አባባ፣ መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው? ማን ነበር የሚታጠቀው? ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓመት አትጠይቁ። ሰው ዓመት ይረሳል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የትኛው ቤት እንደተቃጠለ ግን አይረሳም። እማማንም አትዝለሉ። ሽጉጡ ከየትኛው ሳጥን ውስጥ እንደነበረ፣ በጥሎሽ ወይም በውርስ እንደመጣ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ቃሉ ከብረቱ ጋር ቢጋጭ ፊት ለፊት አትከራከሩ። ሁለቱንም ጻፉ። ምናልባት አያትየው ሁለት ሽጉጥ ነበራቸው፤ የአድዋው ጠፍቶ ታሪኩ ወደ ቀረው ተዛውሮ ይሆናል።

11. መዝገቡን ጻፉ

በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይህን አስፍሩ። አከፋፈቱ፣ የጎራሹ ብዛት፣ የአፈሙዙ ርዝመትና የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ ጽሑፍና ማህተም ከነቦታው፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ከነቦታቸው። የማይነበበውን ፊደል ነጥብ አድርጉበት እንጂ በግምት አትሙሉት። ከሥሩ «ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራም» የሚለውን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ያ ውሳኔ በየትኛው ምልክት እንደተመሠረተ ግለጹ። ለምሳሌ «ከ1893 እ.ኤ.አ. (1885/86 ዓ.ም.) ወዲህ፤ ምክንያቱም የሊዬዥ ማህተሙ ዘውድ አለው»። ቀጥሎ የቤተሰቡን ቃል፣ የተናገረውን ሰው ስምና የጠየቃችሁበትን ቀን አስገቡ።

ወደ ሌላ አገር ለመላክ ወይም ለመሸጥ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ አስታውሱ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የዞኑን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማማከር ይቀላል።

መዝገቡን በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ከመሣሪያ ፈቃዱ ጋር፣ ሌላውን ሽጉጡ ከሌለበት ቤት አስቀምጡ።